አባ ቪ8

ቴሌግራም በነፃ የሚሰጠው ዩዘርኔም ቢያንስ አምስት ፊደል መሆን አለበት። "ቪ8" ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ የሶዶ መኪና ወዳድ የግድ የሆነ ነገር ይቀጥልበታል፤ የከተማውን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ ወይ ደግሞ "ኪንግ" የምትለዋን። የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ ላቲን፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ። እዚህ ላይ ወላይትኛ ከአማርኛ ይልቅ ይቀናዋል። ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የምትለዋን ድምፅም በ7 ቁጥር ይጽፋታል። ሌላው ሰው ስሙ ተይዞበት መጨረሻው ላይ ቁጥር ሲለጥፍ፣ የወላይታ ልጅ 7ን እንደ ፊደል ስሙ መሃል ያስገባታል። ሶፍትዌር ስለምሠራ ይሆናል፣ ይህቺ ነገር በጣም ደስ ትለኛለች።

ታዲያ "ቪ8" የተባለው ልጅ ቪ8 የለውም። ብዙ ጊዜ ባጃጅም የለውም። ውሸት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ራሱን "አርሴናል" ያለ ልጅ ክለቡን ገዛሁት አላለም። ደግሞ ስሙ ራሱ መቼ እውነቱን ተናግሮ ያውቃል? ቪ8 ማለት ስምንት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ፣ በቪ ቅርጽ የተቀመጠበት ሞተር ነው። እኛ ጋ ግን የባለሥልጣን መኪና የሆነው የላንድክሩዘር 200 ስም ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተተካው ላንድክሩዘር 300 ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስሙ ሞተሩን ቀብሮ መኖሩን ቀጥሏል። (ለኤሌክትሪኮቹ እስካሁን የሚጥም ቅጽል ስም አልሰማሁም። ድምፅ የሌለውን ነገር መሰየም ሳይከብድ አይቀርም።)

ራሱን "ኮብራ" የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ የድሮው 80 ላንድክሩዘር ወዳጅ ነው። "1ኤችዜድ" የሚል ካጋጠማችሁ ግን ጊዜ ይኑራችሁ። ያ ልጅ ጋራዥ ውሎ ያውቃል፤ ስለዚያ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ማውራት ከጀመረ አያባራም። እነዚህ ሁሉ ምኞትና ፍቅር ናቸው። ምኞት ማንንም አይገጭም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ዓይነት ስም ነው፤ እሱን ለማየት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

በሚጋልቡት ነገር ስም መጠራት ቲክቶክ ያመጣው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ ዐፄ ዮሐንስ "አባ በዝብዝ"፣ ዐፄ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ባልቻ ሳፎ "አባ ነፍሶ" ነበሩ። ሁሉም የፈረስ ስም ነው። የራስ መኮንን ፈረስ ስም እንዲያውም ባለቤቱን አልፎ በ1943 ኮሪያ ዘመተ፤ ቃኘው ሻለቃ የተባለው በእሱ ነው። አሁን በመኪና ስም የሚጠሩ ልጆችን የሚተቹ ሰዎች እነዚህን ይጠቅሳሉ። እነሱ እኮ ፈረሱ ነበራቸው፣ ስሙንም በጦር ሜዳ አገኙት ይላሉ።

ልክ ነው፣ ፈረሱ ነበራቸው። ችግሩ እኔ የማየው ከሶዶ መሆኑ ነው። በ1887 ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወላይታ ገቡ። ካዎ ጦና ተዋግተው ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ከዘማቾቹ ጋር አብሮ የነበረ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ግድያውንና ምርኮውን አይቶ ጽፏል። "አባ ዳኘው" የሚለው ስም የሚያወራው ስለ ፍርድ ነው። ከፈረሱ ኋላ ሆኖ ለሚፎክረው ስሙ ክብር ነበር፤ ከፈረሱ ፊት ለቆመው ግን ምን ነበር? ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የጦናም ሠራዊት ፈረሰኛ ነበረው። ግን የስም ትርጉም ያወጣው ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ እንደማይቀመጥ የገባኝ በዚህ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። የአገራችን መንገድ ስም ማውጣት ይችልበታል። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባትን ታክሲ "ውይይት" አላት። ሚኒባሱን "አባዱላ" አለው፤ ቃሉ በኦሮምኛ የጦር መሪ ማለት ነው፣ ስለዚህ የፈረስ ስም ዘመድ ታክሲ ሆነ ማለት ይቻላል። ቀዩን ሲኖትራክ ደግሞ "ቀይ ሽብር" አለው፤ አይሱዙን "አልቃይዳ"። እነዚህን ሁለቱን ያወጣቸው ሾፌር ወይም ባለንብረት አይደለም፤ እግረኛው ነው። መኪናውን ማስቆም ያልቻለ ሰው ቢያንስ ስም ለጠፈበት። ቀልድ ይመስላል እንጂ ክስ ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ እዚህ ጎረቤታችን ሲዳማ፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰርገኞች የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ያለ ዜና በሚሰማበት አገር "አልቃይዳ" የሚለው ቃል ማጋነን አይደለም።

አንድ የሶዶ ልጅ አውቃለሁ፣ የከባድ መኪና ፍቅር ያለበት። ዩዘርኔሙ "ቀይ ሽብር" ነው፣ ከኋላው የከተማው ስም አለ። ጠየቅኩት።

"ሲኖን ማለቴ ነው እኮ ብሮ" አለኝ። "ፓለቲካ የለበትም።"

አምነዋለሁ፤ ለእሱ የለበትም። የተወለደው ከ1969 እና 70 ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ቃሉን መጀመሪያ የሰማው ከመኪናው ጋር ነው። እኔም ብሆን ያን ዘመን አልኖርኩበትም። ግን ያ ስም ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በመጀመሪያ የሞቱት ልጆች ነበር፣ ከዚያ ለመኪናው ተሰጠ፤ እሱ እንኳ ቢያንስ "ይህ መኪና ይገድላል" ይል ነበር። ልጁ እንደ ኩራት ሲለብሰው ክሱም ጠፋ። "ቪ8" ያለው ልጅ የሌለውን መኪና ነው የወሰደው፤ ይሄኛው የወሰደው የሌላ ሰው ጩኸት ነው። የመጀመሪያው ቢበዛ ያስቃል። ሁለተኛው ያስከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ልጁ አይደለም፣ ወንድሟን ያጣች አንዲት እናት የልጇ ስልክ ላይ አይታው ነው።

ይህን ነገርኩት፣ ከዚህ ባጠረ ቃል። ትንሽ አሰበና "ተከታዮቼስ?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዩዘርኔም ሲቀየር የድሮው ሊንክ ሁሉ ይሰበራል። እሱ ያላወቀው ሌላም ነገር አለ። ስሙን ከለቀቀው ክፍት ይሆናል፣ በማግስቱ ሌላ ልጅ ሊይዘው ይችላል።