ቍጡ ንብን ስለ ማኖርና ስለ ጎረቤት ደኅንነት

ሰው የወደደውን እንስሳ በደጁ ማኖር ይገባዋልን? ነገሩ ስለ ላምና ስለ በግ ሲሆን መልሱ ቀላል ነው፤ ስለ ንብ ሲሆን ግን ይከብዳል። ላም በገመድ ትታሰራለች፤ በግ በበረት ይዘጋል፤ ንብ ግን ቀፎዋ የአንድ ሰው ቢሆንም መሰማሪያዋ የአገሩ ሁሉ ነው። ባለቤቷ ማሩን ለብቻው ይቈርጣል፤ ንድፊያውን ግን ጎረቤቱም ይካፈለዋል። እንግዲህ ጥቅሙ የአንድ፣ ፍርሃቱ የብዙ በሆነ ነገር ፍርዱ እንደ ምን ያለ ነው?

ይህን ለመመርመር የሚረዳ ታሪክ በአሜሪካ በረሃ ይገኛል። ዋርዊክ ኬር የሚባል የብራዚል ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ከአፍሪካ የንብ አውራዎችን ወደ አገሩ ወሰደ። ምነው ቢሉ፣ ከአውሮፓ የመጣችው ንብ በዚያ ሞቃት አገር እንደሚፈለገው ማር አልሰጥ ብላ ነበርና ነው። በ1957 ዓ.ም. ሪዮ ክላሮ ከምትባለው ከተማ አጠገብ 26 መንጋ አምልጦ ዱር ገባ፤ በዚያ ከነበረችውም ንብ ጋር ተዳቀለ። ዘሩ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሰሜን እየገሠገሠ በ1990 ዓ.ም. ቴክሳስ ደረሰ፤ በ1993 ዓ.ም. አሪዞና ገባ። ዛሬ በቱሳን ከተማ ዙሪያ፣ ሶኖራ በሚባለው በረሃ፣ በዓለት ንቃቃት፣ በቤት ግድግዳ፣ በውሃ ቈጣሪ ሣጥን ሳይቀር ሰፈፉን ሠርቶ ይኖራል።

ሕዝቡም ይህችን ንብ «ገዳይ» ብሎ ሰየማት። ስም ማውጣት ፍርድ መስጠት ነውና ስሙን ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባንም። የአንዲቱ ንብ መርዝ ከአውሮፓዊቱ መርዝ አይበልጥም፤ እርስዋም እንደ እኅቷ ነድፋ ትሞታለች። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፈጥና ትቈጣለች፣ አብዝታ ትወጣለች፣ ርቃ ታሳድዳለች። አሥር በሚነድፉበት መቶ ይነድፋሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በአፍሪካ ምድር ማር የሚዘርፍ ሰውና አውሬ ብዙ ስለ ሆነ፣ ቤቱን ያልተከላከለ መንጋ ዘር አልቀረለትም። የእኛም አገር ንብ ከአፍሪካ ወገን ናትና፣ ገበሬያችን ቀፎውን ከዛፍ ላይ የሚሰቅለው፣ ማሩንም በሌሊት በጭስ የሚቈርጠው ይህን ጠባይዋን አውቆ ነው።

በቅኔ ተማሪነቴ ዘመን ያየሁትን ልናገር። አንድ ሰው ቀፎውን ከገበያ መንገድ ዳር በቆመ ዋንዛ ላይ ሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን እኛ ተማሪዎች ማር አምሮን ከዛፉ አጠገብ ቆመን «አይዞህ፣ ቍረጠው» እያልን ብናደፋፍረው በጠራራ ፀሐይ ወጣ። ንቡ ተቈጥቶ አንዲት መበለት በዚያ ያሰረቻትን በቅሎ ነድፎ ገደላት። ባለቀፎው በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ «ንብ ናት፤ ጠባይዋ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጠባይዋ መሆኑን ካወቅህ ስለ ምን ከመንገድ ዳር ሰቀልሃት?» ብለው ጠየቁት። መልስ አጥቶ የበቅሎዋን ዋጋ ከፈለ። ዕዳው በእርሱ ላይ ቀረ፤ ከማሩ ግን እኔም ቀምሼ ነበርና ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልጠፋም።

የሽማግሌው ጥያቄ የነገሩን ሥር አገኘ። የኦሪት ሕግም ወጊ ስለሆነ በሬ ሲፈርድ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ለጌታው ተነግሮት ሳለ ባይጠብቀው ጌታውን በደለኛ ያደርገዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጠባይ ለእንስሳዋ ምክንያት ሲሆንላት ለባለቤቷ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ንቢቱ ስለ ቍጣዋ አትከሰስም፤ ቍጣዋን አውቆ ያልተጠነቀቀ ሰው ግን ይከሰሳል።

የበረሃው ንብ ማነብ ይህን እውነት አጕልቶ ያሳያል። በዚያ አገር የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዕጩ ግን በደኅና የሚያድገው ቀፎው ውስጥ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ነው። ስለዚህ ንቦቹ ውሃ ቀድተው በሰፈፉ ላይ ይረጩታል፤ በክንፋቸውም እያራገቡ ቤታቸውን ያቀዘቅዛሉ። ውሃ ካጡ ሰፈፉ በሙቀት ልሞ ይወድቃል፣ ወይም መንጋው ቀፎውን ጥሎ ይኰበልላል። ባለቤቱ ውሃ ካላቀረበላቸው ከጎረቤት መዋኛና ከከብት ገንዳ ይሄዳሉ፤ በዚያም ልጁና ከብቱ ይነደፋል። ባለቤቱ ጥላ ሠርቶ፣ ጠጠር የተጨመረበት ውሃ ዘወትር ቢያኖርላቸው፣ ለንቦቹ ያደረገው ምሕረት ለጎረቤቱም ደኅንነት ይሆናል።

ደግሞ አዋቂዎቹ ቀፎውን ከቤትና ከመንገድ አርቀው ያኖራሉ፤ አንዱ ሲነካ ሁሉ እንዳይታወክ ቀፎውን ሁሉ በአንድ መደብ ላይ አይደረድሩም፤ ጭስ አብዝተው ይሠራሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አውራዋን መለወጣቸው ነው። የቍጡ መንጋ አውራ ተወግዳ ገራም አውራ ብትተካ፣ አሮጌዎቹ ሠራተኞች በጥቂት ሳምንታት አልቀው የአዲሲቱ ልጆች ይተካሉ፤ ቀፎው ሳይለወጥ ሕዝቡ ይለወጣል። ነገር ግን ይህ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሥራ አይደለም። ያቺ አውራ ስትተካ ልጅዋ በአየር ላይ ከዱር ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለችና፣ ቍጣው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የንብ ባለቤት ትናንት ገራም ነበረች ብሎ ዛሬ ሳይመረምር ሊተኛ አይገባውም።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉን ማጥፋት አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሦስት መልስ አለ። ፊተኛው፣ እንግዳ ናት ተብላ የምትጠፋ ከሆነ፣ አውሮፓዊቱም ንብ በ1622 ዓ.ም. ወደ ቨርጂኒያ በመርከብ የገባች እንግዳ ናት። ሁለተኛው፣ ቫሮዋ የሚባለው ተባይ የአውሮፓዊቱን ንብ ሲፈጅ፣ ይህች ያለ መድኃኒት ስትቋቋመው ታይታለች፤ በብራዚልም ሰዎች ጠባይዋን ከተማሩ በኋላ የማር ሀብት አግኝተውባታል። ሦስተኛው፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ፖርቶ ሪኮ ወደምትባለው ደሴት የገባው ይኸው ዘር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ገራም ሆኖ ተገኝቷል። ሕዝብ በበዛበት በዚያ ጠባብ ደሴት ቍጡው መንጋ እየተገደለ ዝምተኛው ስለ ቀረ ይሆናል ብለው ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ ቍጣ የዘላለም ጠባይ አይደለም።

ሆኖም በሦስቱ መልስ ተማምነን ወደ ሌላው ስሕተት እንዳንወድቅ። መንጋው ሕፃን ከሚጫወትበት ግድግዳ ውስጥ ቢሰፍር፣ ንቦቹ ንጹሓን ናቸው ብሎ መተው ርኅራኄ አይደለም። የሚያነሣው ባለሙያ ቢገኝ ይነሣ፤ ባይገኝ ይጥፋ። በደል የሌለበት ሁሉ በሄደበት ሁሉ ይኑር ማለት አይደለምና። ለንብ የሚገባት ቦታ አለ፤ ለሕፃኑም የሚገባው ቦታ አለ፤ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ የሰው ሥራ ነው፤ ንብም ሕፃንም አያውቁትም።

ሰው በገዛ ራሱ ላይ የወደደውን አደጋ ሊሸከም ይችላል፤ በጎረቤቱ ላይ ግን ሳያስፈቅድ ሊጭን አይችልም። ቀፎ ከመስቀሉ በፊት ጎረቤቱን ጠይቆ፣ ውሃውን አዘጋጅቶ፣ ቦታውን አርቆ የጀመረ ሰው ማሩን ያለ ዕዳ ይበላል። «ጠባይዋ ነው» ብሎ የሚያመካኝ ግን ቀድሞ በራሱ ላይ መስክሯል፤ ጠባይዋን ያውቅ ነበርና።