ስለ ባና ዘርፍ

ደባርቅ ላይ፣ ምድሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥበትና ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ከሸማኔው ጉድጓድ ሲወጣ ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ በጫፉ የቀረው ድር ካልተቋጨ ማጉ ቀስ በቀስ ይፈታልና። የሚቋጨው ሰው ጥቂት ድሮችን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያከርረዋል፤ ቀጥሎም ሁለቱን አጣምሮ ወደ ተቃራኒው ይገምዳቸውና ጫፋቸውን ይቋጥራል፤ ለመፈታት የሚታገሉት ክሮች በዚያው ትግላቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ዘርፍ የሚባለውም ይህ ነው።

ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 15 እስራኤል የልብሳቸውን ዘርፍ እያዩ ትእዛዛተ እግዚአብሔርን ያስቡ ዘንድ ያዝዛል፤ በማቴዎስ ወንጌል ግን ጌታ ዘርፋቸውን ለታይታ የሚያስረዝሙትን ይገሥጻል፤ በዚያው ወንጌል ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ዳስሳ ትፈወሳለች። እንግዲህ አንዱ ክር ለአንዱ ተዝካረ ሕግ፣ ለሌላው ውዳሴ ከንቱ፣ ለሦስተኛዋ ድኅነት የሚሆነው እንዴት ነው? እኔስ ልዩነቱ በክሩ ሳይሆን በኅሊና ነው እላለሁ፤ ባና በሌሊት የሚከናነቡት ነውና፣ ማንም በማያየው ጫፍ ላይ ተጠንቅቆ የሚሠራ እጅ፣ ከንፈሩ ዝም ቢልም፣ ከጸሎት የራቀ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለው እጅ ግን የተናቀ ነበር፤ በዚህ አገር ሽመናን ይዘው ከኖሩት መካከል ኦሪትን የሚጠብቁት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ብዙ ዘመን ዘለቀ፤ የሚንቃቸውም ሰው ሸማኔ የሠራውን ለብሶ ቤተ መቅደስ ይሳለም ነበር።