ሊፈታ የማይችል ዕቃ ባለቤት ማን ነው?

አንድ ሰው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃ ሲገዛ፣ ዕቃው የእርሱ ሆነ እንላለን። ይሁን እንጂ ባለቤትነት ማለት መያዝና መገልገል ብቻ ነውን? ወይስ ሲበላሽ ማስጠገንን፣ ሲያንስም መጨመርን ያጠቃልላል? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ዛሬ ግን በተማሪው ቦርሳ ካለው ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ጋር አብሮ ቤታችን ገብቷል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ገደማ የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ባትሪያቸው በመቀርቀሪያ የሚነቀል ነበር፤ የሥር ክዳናቸውን በተራ ካቻቢቴ ፈትቶ ሜሞሪ መጨመርም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ባለሬቲና ስክሪን ማክቡክ ፕሮ ላይ ግን ሜሞሪው ከማዘር ቦርዱ ጋር ተበየደ፤ ባትሪውም በሙጫ ተጣበቀ፤ የውጭ ብሎኖቹ እንኳ በተለመደው ካቻቢቴ የማይፈቱ ሆኑ። ብዙዎቹ ሌሎች አምራቾችም ቀጫጭን ላፕቶፖቻቸውን በተመሳሳይ መንገድ ሠሩ። ስለዚህ በ8 ጊጋባይት ሜሞሪ የተገዛ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በ8 ጊጋባይት ይኖራል። የተበየደችው ሜሞሪ ብትበላሽም ብዙውን ጊዜ ሙሉው ማዘር ቦርድ ይለወጥ ይባላል፤ የዚህ ዋጋ ደግሞ ባለቤቱን ተስፋ ያስቆርጣል።

ጉዳቱ በመጀመሪያው ገዢ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ ወዶ የገባበት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ለተማሪ ልጅ የሚልኩት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። ለሰጪው ያረጀው ለተቀባዩ የመጀመሪያው ነው። የዕቃው ሁለተኛ ሕይወት የሚጀምረው በሰፈሩ ጠጋኝ እጅ ሲሆን፣ ሙጫው ያንን እጅ ይከለክላል። ይህ ልጅ በሽያጩ ውል ላይ አልነበረም፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። የነገሩ የሥነ ምግባር ክብደት እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለአምራቾቹም ፍትሐዊ እንሁን። ሜሞሪው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ሲበየድ በአነስተኛ ኃይል በፍጥነት ይሠራል፤ ቦታም ይቆጥባል። ቀጭንና ቀላል ዕቃ ይሰጠን ብለን በገንዘባችን የመረጥነውም እኛው ገዢዎቹ ነን፤ ይህን ሳይናገሩ ኩባንያን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ሆኖም ሁሉም ነገር በቴክኒክ ግድ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሬምወርክ የተባለ ኩባንያ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ክፍሎቹን የሚለውጠው ቀጭን ላፕቶፕ አወጣ። በ2024 ደግሞ ሌኖቮ በአንድ የቲንክፓድ ሞዴሉ ላይ ያንኑ ኃይል ቆጣቢ ሜሞሪ በብሎን የሚታሰርና የሚነቀል አድርጎ ሠራው። እንግዲህ የግድ ተብሎ የቀረበልን ነገር በከፊል ምርጫ ኖሯል።

መበየድ በራሱ በደል ነው አንልም፤ ገዢው ሳያውቅ እንዲገዛ መተው ግን በደል ነው። በፈረንሳይ አገር ከጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሁሉ ዕቃው ለጥገና ያለው አመቺነት ከ10 ስንት እንደሆነ ለገዢው እንዲያሳይ ሕግ አዟል። እንዲህ ያለ ምልክት በሌለበት ገበያ ጠያቂው ገዢው ራሱ ነው፦ ሜሞሪው ይነቀላል ወይስ ተበይዷል? መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክስ ይለወጣል? ባትሪው በብሎን ነው የታሰረው ወይስ በሙጫ? ሻጩ መልስ ካጣ፣ የሞዴሉን ስም ጽፎ ወደ ጠጋኙ መሄድ ይሻላል፤ እርሱ ውስጡን አይቶታልና።