ጀማሪ መምህር በማን ላይ ይማራል?

ቀዶ ጥገና የሚማር ሰው መጀመሪያ አስከሬን ላይ ይለማመዳል። አብራሪም ሲሙሌተር አለው። ማስተማርን የሚማር ሰው ግን ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ የሚያገኘው እውነተኛ ተማሪ ነው፤ ያ ተማሪ ደግሞ ያንን ኮርስ የሚወስደው አንዴ ነው። ታዲያ አንዱ ሙያ እንዲለምድ ሌላው ያልበሰለ ትምህርት እንዲቀበል ማን ፈቀደ? ፈላስፋው ካንት ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መጠቀም ነውር ነው ይላል። እኛ ፍሬሾችን፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን፣ የጂኤ (የረዳት ምሩቅ) መለማመጃ ስናደርጋቸው ምን እያደረግን ነው?

ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። በዲፓርትመንታችን የማስተርስ ተማሪዎችና ጂኤዎች የፍሬሽ ሴክሽን ይሰጣቸዋል፤ ክፍላቸው ገብቼ የምከታተላቸው እኔ ነኝ። (የማስተማር ሎድ ላይ አይያዝም። ባልደረቦቼ «ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል።) አጀማመሩን የማያውቅ የለም። ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ይመረቃል፣ ክረምቱ ያልፋል፣ ማርከርና የኮርስ አውትላይን ይሰጠውና በሩ ይዘጋበታል። ካወቀ ማስተማሩ አያቅተውም ብለን እናምናለን። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የመምህራን ሥልጠና፣ ኤች.ዲ.ፒ. (የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም)፣ ይህን ለማቃናት የመጣ ነው፤ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ግን ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት የሞሉትን ፖርትፎሊዮ ነው።

የሚገርመው፣ ጀማሪ መምህርን ማለማመድ ለአገራችን ዩኒቨርሲቲ ባዕድ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት በዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ናቸው። ማኅበራቸው በ1599 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የትምህርት ደንብ፣ ማስተማር ሊጀምሩ የተቃረቡ ወጣቶች ልምድ ካለው ሰው ጋር በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት እየተገናኙ ማስረዳትን፣ ማስጻፍንና ማረምን እንዲለማመዱ ታዟል። ሌክቸሩን ወረስን፣ ዲግሪውን ወረስን፤ ያችን ሰዓት ግን ጣልናት። የቆሎ ተማሪ ቤትም ቢሆን የበሰለው ልጅ ታናናሾቹን ሲያስቀጽል የኔታ ከዚያው ከግቢው አይርቁም።

አምና አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ስለ ቫሪያንስ ሲያስተምር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከመሃል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቁጥሮቹ አምስት ሆነው ለምን በአራት እናካፍላለን?» ልጁ ሰሌዳውን አየ፤ «ፎርሙላው ነው» አላት። ጻፈችው። እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ መልሱ ምላሴ ላይ ነው፣ ዝም አልኩ። አፌን ብከፍት ኖሮ ክፍሉ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር አንገቱን ወደ ኋላ ያዞር ነበር። ዝምታዬ ግን በነጻ አልመጣም፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

አውግስጢኖስ በ389 እ.ኤ.አ. ገደማ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር ያደረገውን ውይይት «ስለ መምህር» ብሎ ጽፎታል። እንደ እሱ አባባል የሰው ቃል ምልክት ከመሆን አያልፍም፤ በልብ ውስጥ ሆኖ እውነትን የሚያሳይ እውነተኛው መምህር ክርስቶስ ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፣ ትሕትናም አለው። ለሰነፍ መምህር ግን ጥሩ መደበቂያ ይሆናል፦ ካልገባቸው ከውስጥ አልበራላቸውማ! ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቶማስ አኩዊናስ ያንኑ ጥያቄ ሲያነሳ ወደ ሐኪም ዞረ። የሚፈውሰው ተፈጥሮ ነው፣ ሐኪሙም ያግዘዋል፤ እገዛው ግን እውነተኛ ነው። እኔ ከአኩዊናስ ጋር ነኝ። እገዛው እውነተኛ ከሆነ ጉዳቱም እውነተኛ ነው፤ «ፎርሙላው ነው» የሚለው መልስ አንድ ነገር ያበላሻል።

ስለዚህ ለካንት የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጀማሪ መምህር ያለ ዋስ፣ ማለትም ክፍሉ ገብቶ የሚከታተለው ልምድ ያለው መምህር ሳይኖር፣ አይመደብ። ተበዳሪው ሲያቅተው የሚከፍለው ዋሱ ነው። ጂኤውን መርዳት ለጂኤው የሚደረግ ውለታ ይመስለን ነበር፤ ዕዳው ግን ለፍሬሾቹ የሚከፈል ነው። ዋሱ በሌለበት ክፍል ልጆቹ በእርግጥ መለማመጃ ናቸው፤ ይህን የሚያስተባብል ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

ያን ቀን ከጂኤው ጋር ከክፍል ስንወጣ ሻይ ቤት ቁጭ አልን። መልሱን ብነግረው የእኔን ቃል ይዞ ይሄድ ነበር፤ አውግስጢኖስ እዚህ ላይ ልክ ነው። «የአምስት ሰዎችን ቁመት ለካህ እንበል። አማካዩንና የአራቱን ንገረኝ፣ አምስተኛውን እኔ እነግርሃለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ሳቀ። ከአማካዩ ያሉት ልዩነቶች ተደምረው ዜሮ ስለሚሆኑ አራቱ ከታወቁ አምስተኛው ምርጫ የለውም። (ሙሉው ማስረጃ ይቀራል፤ ለፍሬሽ ግን ይበቃል።) በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አምስት ልጆች አስቁሞ በሜትር ለካ፣ አማካዩን ጻፈ፣ የአራቱን ቁመት አስከትሎ አምስተኛውን ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰለት።

ጠያቂዋ ግን በዚያ ቀን ቀርታ ነበር። ፈልጎ አግኝቶ እንዲያስረዳት ነገርኩት።

«ዶክተር፣ ሃንድአውቱን በቴሌግራም ብልክላትስ?»

«አይሆንም» አልኩት። «ሜትሩን ይዘህ ሂድ።»