ለጌሻ ቡና ማን ይመስክር?

ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጅማ ጮጬ ነው ወይስ ከፋ ማኪራ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅም አይመስልም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ብዙ ገንዘብ ያለበት ሌላው ሙግት ነው፤ እውነተኛው ጌሻ የማን ነው? በ2004 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምቆጥረው) ፓናማ ቦኬቴ የሚገኘው የኤስሜራልዳ እርሻ ጌሻ የተባለ ቡና ለአገሪቱ ውድድር አቅርቦ አሸነፈ፤ በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ሲሸጥ ያኔ ጉድ ተባለ። በ2019 የፓናማ ጌሻ ፓውንዱ 1,029 ዶላር አወጣ፤ በ2025 ደግሞ የአንድ ኪሎ ዋጋ ከ30 ሺህ ዶላር አለፈ። ዘሩ የሄደው ከእኛ ነው። በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከደቡብ ምዕራብ ደን ለቀሙት፤ ታንዛኒያ ልያሙንጉ ምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ገብቶ ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያ ፓናማ ተሻገረ። ይህን የሰማ የቤንች ወይም የከፋ ገበሬ ‹‹ስሙ የእኛ፣ ብሩ የእነሱ›› ቢል ማን ይፈርድበታል? ቁጭቱን እጋራለሁ። ሆኖም በቁጭቱ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው በስሙ ማን ይነግድበት የሚለው ነው፤ ኢትዮጵያ በ2006 እና በ2007 በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ስሞች ከስታርባክስ ጋር የተሟገተችው በዚህ ነበር፤ እሱን ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ። ሁለተኛው፣ አንድ ቡና ‹‹እውነተኛ ጌሻ ነው›› ሲባል ቃሉን እውነት የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ ቤዝቦል በሚወዱ አሜሪካውያን ዘንድ ነው። የተጫዋች ፎቶ ያለበትን ካርድ መሰብሰብ እዚያ ትልቅ ንግድ ነው። በ1997 አፐር ዴክ የተባለ ካርድ አሳታሚ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የለበሱትን ማልያ ቆራርጦ ቁራጩን ካርዱ ውስጥ አሸገው። በ2003 ዶንረስ የተባለው ሌላ አሳታሚ የጥንቱ ኮከብ ቤብ ሩት የተጫወተበትን ማልያ ገዝቶ መቀስ አሳረፈበት። ጥፍር የምታህለው ያቺ ጨርቅ ዋጋ የምታወጣው በምኗ ነው? በጥራቷ አይደለም፤ ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ፣ ማንም ያልለበሰው ጨርቅ አጠገቧ ቢቀመጥ ሰብሳቢው በዓይኑ አይለያቸውም። ዋጋዋ ባለፈችበት ነገር ላይ ነው፤ ያለፈችበት ነገር ደግሞ ጨርቁ ላይ አልተጻፈም። ዋናው የቤዝቦል ሊግ ይህ ስለገባው ከ2001 ጀምሮ ጨዋታ በሚደረግበት ሜዳ ምስክር ያስቀምጣል፤ ምስክሩ ኳሷ ከጨዋታ ስትወጣ በዓይኑ አይቶ ቁጥር ያለው የሚያብረቀርቅ ምልክት ይለጥፍባታል፤ ያላየውን አይለጥፍም። በአንዳንድ ካርዶች ጀርባ ግን ቁራጩ ከየትኛውም የተለየ ጨዋታ ጋር እንደማይያያዝ የሚናገር ቃል ታትሞ ይገኛል። ቃሉ ሐቀኛ ነው፤ ነገር ግን ገዢው የከፈለበትን ነገር በአንድ መስመር ይነሣዋል። እንግዲህ እውነተኛነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዕቃው ላይ ይነበባል፣ ሌላው ዕቃው ላይ አይነበብም፣ በምስክር ብቻ ይቆማል።

ጌሻ ከየትኛው ወገን ነው? ቡና አዋቂ ፈጥኖ ‹‹ከሚነበበው›› ይላል፤ ሲኒው ይናገራል፣ ምላስ ይፈርዳል። የአበባው ሽታ፣ የሎሚው ቃና ሌላ ቡና ላይ እንዲህ አይገኝም ይባላል። ይህ ብዙ አያስኬድም። ምላስ ጥሩነትን ይፈርዳል እንጂ መነሻን አይፈርድም፤ ያው ዘር ዛሬ ኮሎምቢያም በቅሎ ያንኑ ይሸታል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ በገዛ አገራችን አለ። በ2008 መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ የቴፒውም የበበቃውም በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከመሰሉ ጋር አንድ መጋዘን ገባ። ፍሬው መጋዘን በመግባቱ ጣዕሙን አላጣም። ያጣው የማን ማሳ፣ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ የሚናገርለትን ሰው ነው። በ2017 ላኪዎች ቡናቸውን እስከ መነሻው ተከትለው እንዲሸጡ መንገድ ሲከፈትም የተመለሰው ጣዕም ሳይሆን ታሪክ ነበር፤ ለዚያ ታሪክ ጨምሮ የሚከፍል ገዢም አለ። ቡና ከማልያው ቁራጭ ጋር የሚጋራው ነገር አለው ማለት ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ በቀላሉ የማይታለፈው የሚከተለው ነው። ምስክር የሚፈለገው ዕቃው ራሱ ዝም ሲል ነው፤ ጨርቅ ዝም ይላል፣ ቡና ግን ዘረ መል ስላለው አይዋሽም። ወርልድ ኮፊ ሪሰርች የተባለው ተቋም መርምሮ እንዳረጋገጠው፣ ከቲ2722 የወረደው የፓናማ ጌሻ ከሌሎች የተለየ፣ እርስ በርሱም አንድ ወጥ ነው፤ በዓለም ላይ ጌሻ የሚባሉት ተክሎች ግን ብዙና በዘር የተለያዩ ናቸው። ተቃዋሚው ከዚህ ተነሥቶ የፓናማው ማንነቱ የተረጋገጠ፣ የእናንተው ደን ግን ልዩ ልዩ ዛፍ የተደባለቀበት ስለሆነ ይበልጥ ጌሻ የሆነው የፓናማው ነው ሊል ይችላል። ለዚህ የሚቀርበው የመጀመሪያ መልስ ግልጽ ይመስላል። የደን ቡና ሕዝብ ነው እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከመንደሩ የተሰደደ የአንድ ቤት ዘር ውጭ አገር ስለከበረ፣ እሱን የማይመስል የመንደሩ ሰው ሁሉ የመንደሩ ሰው አይደለም አይባልም። ተቃዋሚው ግን አያርፍም፤ ‹‹ገበያው የሚከፍለው ለዚያ ቤት ዘር ነው፤ ለመንደሩ አይደለም›› ይላል። ሐቁም ወደ እሱ ያደላል። ከቀድሞው ቤንች ማጂ ወገን ያለው የጌሻ ቪሌጅ እርሻ ከጎሪ ጌሻ ጫካ የወሰደውን ዘር ተክሎ፣ ከመካከሉ በተክሉ ቁመናም፣ በፍሬውም፣ በጣዕሙም የፓናማውን የሚመስለውን መርጦ ‹‹ጌሻ 1931›› ብሎ ሰየመው። እርሻው ይህን አልደበቀም፤ ማታለልም የለበትም። ግን ምን እንደሆነ እናስተውል፤ ዋናው ቅጂውን እንዲመስል ተመረጠ። መለኪያው ከጫካው ወጥቶ ቦኬቴ ተቀምጧል።

ይህን ይዤ ከተቃዋሚው ጋር ጥቂት ልሂድ፤ ምክንያቱም ዘረ መል ይናገራል የሚለው ቃል ሲፈተሽ ሌላ መልክ ያወጣል። ምርመራው ሁለት ተክሎችን አስተያይቶ ዘመድ ናቸው ወይም አይደሉም ይላል። የፓናማው ተክል የደቡብ ምዕራብ ደኖች ዘመድ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። የሚወዳደርበት ናሙና ግን ‹‹ጌሻ›› የተባለው በማን ነው? በናሙናው ውስጥ ስም የለም። ከፋ ውስጥ የጌሻ ወረዳ አለ፤ በቀድሞው ቤንች ማጂ በኩል የጎሪ ጌሻ ጫካ አለ፤ በ1930ዎቹ ዘር የለቀመው እጅ የትኛው ጋራ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደነበረ ተክሉ አይመልስም። ቲ2722 ጌሻ የሚለውን ስም ያገኘው ለቃሚው ለጣቢያው፣ ጣቢያው ለጣቢያ በጻፈው ወረቀት ነው። ዝም ይላል የተባለው ጨርቅም፣ ይናገራል የተባለው ዘርም መጨረሻ ላይ የሚቆሙት አንድ ቦታ ነው፤ እዚያ ነበርኩ በሚል ሰው ቃል ላይ። ፓናማ ከእኛ የበለጠ ዘር አላት ማለት አይደለም፤ የበለጠ መዝገብ አላት።

ነገር ግን ይኸው መከራከሪያ ወደ እኛም ይዞራል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ከታየ በኋላ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከኢሉባቦር ደኖች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አሠራጨ፤ 74110 እና 74112 ከእነሱ ናቸው። ጌሻ ውስጥ ያለ ገበሬ 74110 ተክሎ ቢለቅም ቡናው ጌሻ ነው? በቦታ አዎ፣ በዘር አይደለም። ስሙ የቦታ ነው ብዬ ከፓናማ ጋር ብሟገት ይህን ገበሬ ነፃ አወጣለሁ፤ አበባ አበባ የሚሸት ቡና ፈልጎ የከፈለውን ገዢ ግን አሳስተዋለሁ። ስሙ የዘር ነው ብል ገዢው ያተርፋል፣ ደኑ ግን የራሱን ስም ያጣል። ስለዚህ ለቦታው ላነሣው ያሰብኩት ሙግት መጥበብ አለበት። ‹‹ጌሻ ነው›› የሚለው ቃል ብቻውን ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። ሊረጋገጥ የሚችለው ድርጊት ነው፤ ይህ ቡና ከዚህ ቦታ፣ በእነዚህ እጆች፣ በዚህ ወቅት ተለቀመ የሚለው።

ድርጊትን ማረጋገጥ ግን ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚችለው ደግሞ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበትን መሬት የካርታ ነጥብ ይጠይቃል። እንደ በበቃ ላለ ወሰኑ በወረቀት የሰፈረ ሰፊ እርሻ ይህ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። በሸካ ኮቦ በሚባለው ልማድ ከአባቱ በወረሰው ደን ውስጥ ለሚለቅም ሰው ግን ወሰኑ የጎረቤቱ ቃል ነው። የቤዝቦል ሊግ የሚከፍለው ምስክር እሱ ዘንድ አይመጣም፤ ጎረቤቱ ቢመሰክርለትም ምስክርነቱ ከወንዙ ማዶ አይሻገርም። ለዚህ ሰው አደላለሁ፤ አልደብቅም። ማድላት ግን መመስከር አይደለም። ጀንፈሉ ሰብሳቢ እጅ ሲገባ የደኑና የጓሮው አንድ ጆንያ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ብዙ ጊዜ ለማጭበርበር ታስቦ አይደለም፣ እያንዳንዱ የሚያመጣው ጥቂት ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ አቅራቢውም ላኪውም በቅንነት ‹‹የጫካ ቡና›› ቢሉ ያላዩትን ነው የሚናገሩት።

ታዲያ ጆንያው ላይ ምን ይጻፍ? ‹‹ከሸካ ደን ተለቀመ፣ የእነዚህ አባወራዎች ነው፣ ዝርያው አልተለየም›› ብንል እውነት ነው፤ ከካርዱ ጀርባ ቃልም ይለያል፤ ያኛው ድርጊቱን ይክዳል፣ ይህ ድርጊቱን ይዞ ዝርያውን ብቻ አላውቅም ይላል። እኔ ከሁለቱ ክብር የሚገባው ድርጊቱ ነው ባይ ነኝ። ገዢው ግን ላለፉት 20 ዓመታት ዝርያ እንዲፈልግ በፓናማ ጨረታ ተለማምዷል፤ ‹‹ዝርያው አልተለየም›› የሚለውን ሲያነብ ዋጋውን የሚቀንስ ከሆነ፣ የእኔ ልዩነት ልክ ሆኖ ለቃሚው ከእሱ አንዲት ሳንቲም ላያገኝ ይችላል። ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም።