ዝም ያለ ልጅ ስለሚሸከመው ፍርሃት

አንባቢ ሆይ፥ ቸነፈር በአገር ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሞተውን ይቈጥራል፥ የታመመውንም ይጠይቃል፤ የልጁን ልብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ብለው የጠሩት ቸነፈር በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ፈጀ። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ ስናቃጥል ያንን ዘመን እናስባለን። ያለ እናትና ያለ አባት የቀሩት ሕፃናት በልባቸው ምን እንደ ተሸከሙ ግን ማን ተረከልን?

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎችም በየቤታቸው ቀሩ። መዝጋቱ የሰውን ነፍስ ለማዳን የተደረገ ነውና አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሌላ ነው።

በጌዴኦ አገር በ2003 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ልጅ በአሳብህ ተመልከት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ጠብ ተነሥቶ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ በየተማሪ ቤቱና በየጸሎት ቤቱም ተጠጉ። ልጁ በሰባት ዓመቱ እናቱ ስትሸሽ አየ፤ በእንሰትና በቡና መካከል ያለው ቤቱም በአንድ ሌሊት ባዶ ሊሆን እንደሚችል ተማረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ ገና ባልንጀራ እያበጀ ሳለ፥ ተማሪ ቤቱ ተዘጋበት። አያቱን እንዳይስም ተነገረው፤ እጁ ሞት ሊያመጣ እንደሚችልም ሰማ። ተቀምጦ ያስረዳው ግን አልነበረም፤ ትልልቆቹ የሟቾችን ቍጥር ሲያወሩ ከማዕዘን ሆኖ አዳመጠ እንጂ።

ልጅ ያልተነገረውን ነገር ራሱ ይፈጥረዋል፤ የፈጠረውም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል። አያቱ ብትሞት፥ እኔ ስለ ሳምኋት ነው ይላል። ይህንንም በአፉ አይናገርም፤ ሰውነቱ ይናገርለታል። መኝታውን ማርጠብ የተወው ልጅ እንደ ገና ያረጥባል፤ በሌሊት ቃዥቶ ይጮኻል፤ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ የእናቱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ይላል። ከፍ ያለው ደግሞ ይቈጣል፥ ወይም ዝም ብሎ ትምህርቱን ይጠላል። እነዚህ ሁሉ የፍርሃትና የኀዘን ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሕፃናትን ጠባይ የሚመረምሩ ሐኪሞች ያስተምራሉ። እኛ ግን መኝታውን ያረጠበውን እንገርፋለን፤ ዝም ያለውንም ጨዋ ልጅ ነው ብለን እናመሰግናለን! ከሁለቱ ማናቸው እንደሚብስ እንጃ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ምን ያውቃል የምትሉት ቃል ከቤታችሁ ይውጣ። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን በከለከሉ ጊዜ ጌታችን እንደ ተቈጣ ታውቃላችሁ። ቡና ሲፈላ ልጁን ከአጠገባችሁ አስቀምጡት። ምን እንዳስፈራው ጠይቁት፤ ተናግሮ ሳይጨርስም ነገሩን አትቍረጡበት። ስለ ሞተችው አያቱ፥ የአንተ በደል አይደለም በሉት። የማታውቁትን ቢጠይቃችሁ፥ አላውቅም ማለት አያዋርዳችሁም። ከእርሱም ጋር ጸልዩ፤ ነገር ግን ጸሎታችሁ እርሱን ከመጠየቅ መሸሻ አይሁን። ፍርሃቱ ሳይለቀው ቢሰነብት ወደ ሐኪም መውሰድ የእምነት ጕድለት አይደለም። ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ለልጁ ልብ ሲሆን ስለ ምን ያፍራል?

በ2013 ዓ.ም. ተማሪ ቤቶች ሲከፈቱ መምህራን ያመለጠውን ትምህርት ቈጠሩ፤ መልካም አደረጉ። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን በመጋቢት የሄደው ልጅ አልነበረም፤ ይህንንም ጥቂቶች ብቻ አስተዋሉ። በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታው አስቸኳይ ጊዜ ማለፉን አስታወቀ። ለልጁ ግን ፍርሃትህ አለፈ ብሎ የነገረው ማን ነው?

ያ ልጅ ዛሬ አድጎአል። ተማሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት እርሱ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ያልጠየቁህን ዛሬ ለምታምነው ሰው ንገረው፤ ዘግይቷል ብለህ አትተወው፥ አባትህንም ስለ ዝምታው አትቀየመው፤ እርሱም ፈርቶ ነበርና። ታናሽ እኅትህም በዚያ ዘመን ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ማታ አንተ ጠይቃት።