ፈቃድህን በጊዜና በአደባባይ

ልጄ፣ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣህ ቁጥር አንድ ክርክር ይዘህ ትመጣለህ። ያሁኑ ግን ከበደኝ። «ጋሼ፣ ሰው የራሱ ፈቃድ የለውም፤ አንጎሉ ቀድሞ ይወስናል፣ እሱ ወሰንኩ የሚለው ከኋላ ደርሶ ነው» አልከኝ። አያትህ ይህን ሰምተው «እኛስ የአርባ ቀን ዕድል ስንል ይህንኑ አይደል እንዴ?» አሉ። አንተ ከላቦራቶሪ፣ እሳቸው ከዕድል ተነሥታችሁ አንድ ቦታ ተገናኛችሁ። እኔ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ቃል ይበናል፣ ጽሑፍ ይቆያልና ምክንያቴን ጻፍኩልህ።

የጠቀስከውን ሙከራ አውቀዋለሁ። ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ሰዎቹ ደስ ባላቸው ቅጽበት እጃቸውን እንዲያነቃንቁና ፍላጎቱ መቼ እንደመጣባቸው እንዲናገሩ ተጠየቁ። የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ «አሁን ፈለግሁ» ካሉበት ቅጽበት የሰከንድ ሲሶ ያህል ቀድሞ ሲጀምር ታየ። ነገር ግን ሊቤት ራሱ ፈቃድ የለም አላለም። የተነሣውን ግፊት ለማስቆም የምትበቃ ጊዜ ለሰው ትቀርለታለች ብሎ ነበር የሚያምነው። እኔ ደግሞ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እጅን ያለ ምንም ምክንያት ከፍ ዝቅ ማድረግና ትምህርት ልቀጥል ወይስ ልተው ብሎ ወር ሙሉ እንቅልፍ ማጣት አንድ ናቸው? ትዳር፣ ዕዳ፣ ስደት በሰከንድ ሲሶ ተወስነው አያውቁም።

ለአያትህም መልስ አለኝ፤ እሳቸው ፊት መናገር ባይሆንልኝም። እምነታችን ዕድል ላይ ተኛ አላለንም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እግዚአብሔር ሰውን ከመጀመሪያው ፈጥሮ ለገዛ ምርጫው እንደተወው ይናገራል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችንም ነቢዩ ለአንድ ባላገር ግመሉን አስሮ ከዚያ በኋላ በአላህ እንዲመካ መንገራቸውን ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። ማሰሩ የሰው ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ወልቂጤ ልመልስህ። ከምሳ በኋላ ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ሲቆሙ፣ ጫት ተራው ሲሞቅ፣ ጓደኛህ ዙርባውን በብብቱ ይዞ «ና እንጂ፣ ዛሬ ብቻ» ሲልህ አስብ። ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ ኦቾሎኒው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ «አልፈልግም» ማለት እጅግ ከባድ ነው። እዚያ ፍራሽ ላይ ከተቀመጥህ በኋላ ፈቃዴ የት አለ ብትል እውነትህን ነው፣ አብዛኛው አልቋል። ያላለቀው ግን ጠዋት ላይ ነበር፤ ከሰዓት የት እንደምትውል፣ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ፣ ኪስህ ውስጥ ስንት ብር እንደምትይዝ ስታስብ። ጫት ትተው ያየኋቸው ሰዎች ፍራሹ ላይ ተቀምጠው በጀግንነት እምቢ ያሉ አይደሉም። መንገዳቸውን የቀየሩ ናቸው። አንዱ ከሰዓት ሥራ ያዘ፣ ሌላው ጓደኞቹን በሩቁ ሰላም ማለት ጀመረ። ሰው ነጻ የሚሆንበት ሰዓት አለ፣ ያ ሰዓት ደግሞ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን ማንም ላቦራቶሪ ሲለካው አላየሁም።

አደራህን፣ ይህን ይዘህ በወደቀ ሰው ላይ እንዳትፈርድ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፍ መሆንን መረጡ ልትለኝ አትችልም። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ቤተ ሙከራ በዓይኑ ያላየ፣ መምህር ሳይገባለት ዓመቱ ያለቀ ልጅ ስንት ነው! እንዲህ ያለውን ልጅ «የራስህ ምርጫ ነው» ማለት ጭካኔ ነው። ሰው የተወለደበትን ቤትና የተማረበትን ክፍል አልመረጠም። ፈቃድ አለ ስልህ ሁሉ በእጃችን ነው ማለቴ እንዳልሆነ ያዝልኝ።

እንዲያውም ታስሮ ሳለ ፈቃዱን ያልጣለ ሰው ማየት ከፈለግህ ራቅ ብለህ አትሂድ። የገዛ አገርህን ሴት፣ የሙህሯን የቃቄ ወርድወትን አስብ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረች ናት። ታሪኳን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ያየ አዲስ አበቤ ሳይቀር ያወራል፤ አንተ ግን ስሟን ከማወቅ አልፈህ የጠየቀችውን ነገር መርምረኸው እንደሆን እጠራጠራለሁ። ያኔ ወንዱ በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት ይደርባል። ሴቲቱ ግን ባሏን ትታ ብትወጣ አንቂት የሚባለው እርግማን ያስራታል፤ የቀድሞ ባሏ ካልለቀቃት ሌላ ማግባት አትችልም። እርግማኑን ትፈራዋለች፣ ዘመዶቿም ይፈሩታል። ከአጥር የበለጠ አጥር ነበር።

ወርድወት በሌሊት መኮብለል ትችል ነበር። የኮበለሉ ብዙ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ግን የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ለፍርድ ወደሚቀመጡበት ወደ የጆካ ሸንጎ ሄደች። ሴት ለአቤቱታ በማትቆምበት ቦታ ቆማ፣ ወንድ የፈለገውን እንደሚያገባ ሁሉ ሴትም የማትፈልገውን ትታ የፈለገችውን ታግባ ብላ ጠየቀች። ሌሎች ሴቶችን አስከትላ እንደነበር በአፍ ሲወርድ የመጣው ታሪክ ይናገራል። ከብዙ ክርክር በኋላ እሷ ከአንቂቱ ተፈታች። ለቀሩት ሴቶች ግን እሥራቱ ከእሷ በኋላም ረጅም ዘመን ቆየ።

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ድፍረቷ ብቻ አይደለም። ሸንጎውን አለመናቋ ነው። ልማዱ የሚኖርበትን ቤት አውቃ፣ በራሱ ቤት፣ በራሱ ቋንቋ ሞገተችው። ፈቃዷን ሹክሹክታ አላደረገችውም። ሽማግሌዎቹ ሊመልሱላት ወይም ሊከለክሏት ግድ ሆነባቸው፤ ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። ድብቅ ፈቃድ መልስ የለውም፣ ስለዚህም ማንንም አይለውጥም፤ ባለቤቱን ብቻ ያበላሸዋል። አደባባይ የወጣ ፈቃድ ቢሸነፍ እንኳ ለሚከተለው ሰው ዱካ ይተዋል።

ዱካው ደግሞ ዛሬ ሕግ ሆኗል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅ የጠለፈ ሰው ካገባት እንዲለቀቅ በር ይከፍት ነበር። ያ በር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተዘጋ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቶ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 አድርጎታል። አየህ፣ ፈቃድ የለም የሚል ሰው እነዚህን ሁሉ አንቀጾች ባዶ ወረቀት ያደርጋቸዋል። ተጠልፋ የምታለቅስ ልጅ ፊት ቆመህ «ፈቃድ ቅዠት ነው» ማለት ትችላለህ? እኔ አልችልም። እሷ የተነጠቀችውን ነገር በደንብ ታውቀዋለች።

እንግዲህ ስለ አንተ። አባትህ ትምህርቱን ትተህ መርካቶ ካለው ሱቅ እንድትገባ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ክፋት የለበትም። እሱ በሊስትሮ ሳጥን ጀምሮ እዚያ ደርሷል፣ በ1950ዎቹ ከአዲስ አበባ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ያስጠረጉ ሰዎች ልጅ ነው፣ ሥራን ያከብራል። አንተ ፊቱ «እሺ አባዬ» ትላለህ፣ ለእኔ ደግሞ «አልገባም» ትላለህ፣ ሲጨንቅህ «ሁሉም በአንጎል ተወስኗል» ትላለህ። ሦስቱንም ማለት አትችልም። ሱቁን ከመረጥህ ምረጠውና በሙሉ ልብህ ሥራበት፤ ነውር የለበትም። ካልመረጥህም ምክንያትህን ይዘህ ንገረው። ሊቆጣ ይችላል። ቁጣው ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ «አንተ ነህ ያስገባኸኝ» ብትለው ግን ያ አያልፍም።

ስለ እኅትህም ልናገር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው ተብሎ ቤቱ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። አንተም ደስ ብሎሃል፤ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ኑሮውም ጥሩ ነው። እሷ ምን አለች ብዬ ብጠይቅህ «ዝም አለች» አልከኝ። ዝምታን እሺታ አድርጎ መውሰድ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፣ ለሴት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ስለ ራስህ ፈቃድ ይህን ያህል ከተከራከርህ ስለ እሷም ተከራከር። ለብቻዋ፣ እናትህ በሌሉበት፣ ሳትቻኮል ጠይቃት። አልፈልግም ካለችህ ከጎኗ ቁም።

መስቀል እየቀረበ ነው። ያገራችን ሰው ከያለበት ተሰብስቦ ክትፎው ቀርቦ ሳለ ያለፈውን ቂም የሚፈታው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጉዳይ የሚቆርጠው ያኔ ነው። ትዳሩም፣ ሱቁም፣ መሬቱም ይነሣል። ሁሉም ሰው ፊት ከተቆረጠ በኋላ «እኔ እኮ አልፈለግሁም» ብትል የሚሰማህ የለም። ስለዚህ ከደመራው በፊት፣ አባትህ ከአዲስ አበባ እንደገባ፣ ያሰብከውን ንገረው። እኔም እዚያው እኖራለሁ፤ ሽማግሌ ካስፈለገህ ላክብኝ።